ካፒቴን ማርቭልን ከመነሻው ማንበብ፦ እስካሁን የደረስንበት

ካፒቴን ማርቭል የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት (ኮሚክስ) ጀግና ነው፤ ከ1940 እስከ 1954 ያለውን የፎሴት አሳታሚ ዘመን በወር ቅደም ተከተል እያነበብን ነው። አሁን ያለነው ረጅሙ ተከታታይ ታሪክ ምዕራፍ 14 ላይ ነው፤ መጽሔቱ ካፒቴን ማርቭል አድቬንቸርስ፣ ቁጥሩ 35። አዲስ የተቀላቀላችሁ እኛ የተደናገርንበት ቦታ ላይ እንዳትቆሙ፣ ማወቅ ያለባችሁን ከስሙ ጀምረን እናስቀምጣለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ለምን ያስቸግራል? «ካፒቴን ማርቭል» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀድማ የምትመጣው የማርቭል ኩባንያዋ ካሮል ዳንቨርስ ናት። «ሻዛም» ብትሉ ደግሞ ዘፈን የሚለየው የስልክ መተግበሪያ ይመጣል። እኛ የምናነበው ግን ቢል ፓርከር የጻፈውንና ሲ. ሲ. ቤክ የሳለውን፣ በየካቲት 1940 በዊዝ ኮሚክስ ቁጥር 2 የወጣውን ጀግና ነው። ስትፈልጉ «ፎሴት» የሚለውን ቃል ጨምሩበት፤ ሌላው ሁሉ ይጣራል።

ቁጥር 1ን ለማግኘት ጊዜያችሁን አታጥፉ፤ ለሽያጭ የወጣ ቁጥር 1 የለም። ፎሴት በ1939 መጨረሻ የመጽሔቱን ስም ለማስመዝገብ ብቻ በጥቁርና ነጭ ጥቂት ቅጂዎችን አትሞ ነበር። አንዱ ፍላሽ ኮሚክስ፣ ሌላው ትሪል ኮሚክስ ይል ነበር፤ ጀግናውም ያኔ ካፒቴን ተንደር ነበር። ስሞቹ በሌሎች ስለተቀደሙ ተለወጡ፤ ገበያ ላይ የዋለው ቁጥር 2 የሚለው ሆነ። በተከታዮቹ ወራትም ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥርና ውስጥ የታተመው ቁጥር አይገጥሙም። ስለዚህ በ1940 የመጀመሪያ ወራት ላይ ፋይላችሁን በቁጥር ሳይሆን በወርና በዓመት ሰይሙት። በቁጥር የሰየመ ሰው አንዱን ወር ዘሎ ሌላውን ሁለቴ ሲያነብ ይገኛል።

የመጀመሪያው ታሪክ 13 ገጽ ነው። ሁለቴ አንብቡት፤ አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ለሥዕሉ። ቢሊ ባትሰን ወላጆቹ የሞቱበት፣ አጎቱ ከቤት ያባረረው ጋዜጣ አዟሪ ነው። ሌሊት ላይ ፊቱ የማይታይ ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይወስደዋል፤ ባቡሩ ያለ ነጂ ይመጣል። ከባቡሩ ወርደው በሚያልፉበት ዋሻ የሰው ልጅ ሰባት ጠላቶች በሐውልት ቆመዋል፦ ትዕቢት፣ ምቀኝነት፣ ስግብግብነት፣ ጥላቻ፣ ራስ ወዳድነት፣ ስንፍና፣ ግፍ። በዋሻው መጨረሻ ሽማግሌው ጠንቋይ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ ትልቅ ጥርብ ድንጋይ በቀጭን ክር ተንጠልጥሏል። ቤክ ድንጋዩን ምንም ሳያብራራ ከላይ ያስቀምጠዋል። ሽማግሌው እያወራ፣ ልጁ እየሰማ፣ አንባቢው ግን ዓይኑን ከክሩ ላይ መንቀል አይችልም። ሥልጣኑ ወደ ልጁ ሲተላለፍ ክሩ ይበጠሳል። በዚያ ዘመን ከወጡት የጀግኖች መነሻ ታሪኮች ይህን ያህል በሥዕል ብቻ ልብ የሚያንጠለጥል ብዙ አይገኝም።

ቢሊ ወደ ካፒቴን ማርቭል የሚለወጠው «ሻዛም» የሚለውን ቃል ሲናገር ነው። ቃሉን በፊደላችን ለማስረዳት ስንሞክር አንድ እንቅፋት ገጥሞናል። ሻዛም የስድስት ስሞች መነሻ ፊደላት ጥርቅም ነው፦ የሰለሞን ጥበብ፣ የሄርኩለስ ብርታት፣ የአትላስ ጽናት፣ የዚውስ ኃይል፣ የአኪሊስ ድፍረት፣ የሜርኩሪ ፍጥነት። የእኛን ፊደል መነሻ መነሻውን ብትደረድሩት ሰ-ሄ-አ-ዚ-አ-ሜ ይሆናል እንጂ ሻዛም አይሰጥም። በእንግሊዝኛ የሰለሞን ኤስና የሄርኩለስ ኤች ተጣምረው «ሽ» የሚል አንድ ድምፅ ስለሚያወጡ ነው። ለልጆች ስታነቡ ቃሉን እንዳለ «ሻዛም» ብላችሁ ያዙት፤ ስሞቹን ግን ለየብቻ ተርኩላቸው። ከስድስቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣው ሰለሞን ብቻ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ የማያስፈልገውም እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከግሪክና ከሮም ተረት ስለመጡ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የራሱ ስም ያለው መጽሔት፣ ካፒቴን ማርቭል አድቬንቸርስ፣ በ1941 ጀመረ። የመጀመሪያውን እትም በጥድፊያ የሠሩት ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ ናቸው። ስማቸው አልተጻፈበትም፤ ከቤክ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩት ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ቤክ መስመር ይቆጥባል። የቢሊ ዓይኖች ሁለት ነጥብ ናቸው፤ ጥላ የለ፣ ጭረት የለ፣ ከጀርባ ያለው ሕንፃም ለታሪኩ ካላስፈለገ አይሳልም። መሳል ለምትለማመዱ፦ አንድ የቤክ ፓነል (በገጹ ላይ ያለ አንድ የሥዕል ሳጥን) ወስዳችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ፤ ከዚያ ከተቆጠረው ሳታልፉ ራሳችሁ ሳሉት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ካባው ላይ ነው። ካባው አጭርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ፣ በግራ ትከሻ በኩል በገመድ የተያዘ። አስረዝማችሁ ከሳላችሁት ሱፐርማን ይሆንባችኋል።

ታናሹ ጀግና፣ ካፒቴን ማርቭል ጁኒየር፣ የሚጀምርበት ቦታ ደግሞ ሦስት እትም ላይ የተበተነ ስለሆነ ብዙ ሰው መሐሉን ብቻ አንብቦ ግራ ይጋባል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላው የፎሴት መጽሔት ማስተር ኮሚክስ ቁጥር 21፣ ቀጥሎ ዊዝ ኮሚክስ ቁጥር 25፣ ከዚያ ተመልሶ ማስተር ኮሚክስ ቁጥር 22 ነው። ከ1941 ታኅሣሥ ወደ 1942 ጥር የሚሻገር ታሪክ ነው። ካፒቴን ናዚ አያቱን ገድሎ እሱን አካለ ስንኩል ያደረገው ፍሬዲ ፍሪማን በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ የሚለወጥበትም ቃል ሻዛም ሳይሆን «ካፒቴን ማርቭል» ነው። በዚህ የተነሳ ጀግና ሆኖ ሳለ ስሙን ለማንም መናገር አይችልም፤ ከተናገረ ተመልሶ ፍሬዲ ይሆናል። ሠዓሊው ማክ ራቦይ ነው፤ ከቤክ ፈጽሞ የተለየ፣ ጥላና ብርሃን የሚያውቅ፣ እጁም ቀርፋፋ። ሥራው ሲዘገይበት ቀድሞ የሳላቸውን ምስሎች በፎቶ አስቀድቶ አዲሱ ገጽ ላይ ይለጥፍ ነበር። የማስተርን እትሞች በተከታታይ ስታነቡ ያው የበረራ አቋም ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ታገኙታላችሁ። ኤልቪስ ፕሬስሊ በልጅነቱ የወደደው ይህንን ጁኒየር ነው።

የቢሊ እህት ሜሪ የገባችው በካፒቴን ማርቭል አድቬንቸርስ ቁጥር 18፣ በታኅሣሥ 1942 ነው፤ የሳላት ማርክ ስዌዚ ነው። የእሷ ሻዛም በሌሎች ስድስት ስሞች የተሠራ ስለሆነ ከወንድሟ ጋር አታደባልቁት፦ ሴሌና፣ ሂፖሊታ፣ አሪያድኔ፣ ዜፊረስ፣ አውሮራ፣ ሚነርቫ።

አሁን ያለንበት ተከታታይ «የክፋት ጭራቆች ማኅበር» ይባላል፤ 25 ምዕራፍ ነው፤ ከቁጥር 22 እስከ 46፣ ከ1943 እስከ 1945 የዘለቀ። የትኛው ምዕራፍ የትኛው እትም ላይ እንዳለ ለማወቅ የምዕራፉ ቁጥር ላይ 21 ጨምሩ። ጸሐፊው ኦቶ ባይንደር ነው፤ ከማርቭል ቤተሰብ (ካፒቴን ማርቭል፣ ጁኒየርና ሜሪ) ታሪኮች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የጻፈው እሱ ነው። ምዕራፎቹን አንድ ቀን ላይ አትጨርሷቸው። እያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻው ላይ አንባቢውን አንጠልጥሎ የሚያቆም፣ ለመጠባበቅ የተጻፈ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የተነበበ እንደሆነ ያው ወጥመድ የተደጋገመ ይመስላል። በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ልክ ነው። የማኅበሩ አለቃ ለረጅም ጊዜ በድምፅ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ማንነቱን ያላወቃችሁ ካላችሁ ስለ ተከታታዩ የተጻፈ ምንም ነገር ቀድማችሁ አታንብቡ። የሚገለጥበት ፓነል ላይ ሳታውቁት መድረስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መሸፋፈን የማይገባ ነገር አለ። በዚህ ዘመን እትሞች ውስጥ ጥቁሮችንና ጃፓኖችን የሚያዋርዱ ሥዕሎች አሉ። የከፋው ስቲምቦት የተባለው የጥቁር አገልጋይ ገጸ ባሕሪ ነው። በ1945 የኒው ዮርክ ተማሪዎች ቡድን አዘጋጁ ዘንድ ሄዶ ተቃውሞውን ካሰማ በኋላ ከመጽሔቱ ወጣ። ተከታታዩን በአንድ ጥራዝ እንደገና ለማተም የሱፐርማን አሳታሚ የሆነው ዲሲ ጀምሮት የነበረው ዕቅድ የተሰረዘውም በእነዚህ ሥዕሎች ምክንያት ነው። ከልጆች ጋር የምታነቡ ከሆነ ገጾቹን ቀድማችሁ እዩ፤ ሳታስረዱ አታሳልፏቸው።

የሱፐርማን አሳታሚ፣ የዛሬው ዲሲ፣ ካፒቴን ማርቭል ከሱፐርማን የተቀዳ ነው ብሎ በፎሴት ላይ ያቀረበውን ክስ በተመለከተ በየቦታው የሚደጋገመው «ፎሴት ሱፐርማንን በመቅዳት ተፈርዶበት ተዘጋ» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ክሱ በ1941 ተጀመረ፤ ለችሎት የቀረበው በ1948 ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ በ1950 መቅዳቱ አለ፣ ነገር ግን የሱፐርማን የጋዜጣ ሥዕሎች አንዳንዶቹ የቅጂ መብት ማሳወቂያ ሳይኖራቸው ስለታተሙ ከሳሹ መብቱን ትቶታል አለ። በ1951 የይግባኙ ዳኛ ለርንድ ሃንድ መብቱ አልተተወም በማለት፣ የትኞቹ ሥዕሎች እንደተቀዱ ተለይቶ እንዲታይ መዝገቡን መለሰው። ያ ከመታየቱ በፊት ፎሴት በ1953 በ400,000 ዶላር ተስማማና ጀግናውን ማተም አቆመ። በ1944 ካፒቴን ማርቭል አድቬንቸርስ ብቻውን ከ14 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የጀግኖች መጽሔት ገበያ ስለወረደ ክርክሩን መቀጠል አላዋጣም። የመጨረሻው እትም ማርቭል ፋሚሊ ቁጥር 89፣ ጥር 1954 ነው። ሽፋኑ ላይ የሦስቱ ጀግኖች ቦታ ባዶ ነው፤ የአካላቸው ቅርጽ ብቻ ተቀርጾ፣ ቤተሰቡ ምን ሆነ ተብሎ ተጠይቋል።

ከዚያ በኋላ ስሙ ባለቤት አጣ። በእንግሊዝ የፎሴትን እትሞች እያተመ ይኖር የነበረው አሳታሚ ሚለር የሚታተም ስለጠፋበት በዚያው 1954 በሚክ አንግሎ አማካይነት ማርቭልማንን ፈጠረ፤ የሱ ቃል «ኪሞታ» ነው፣ አቶሚክ ተገልብጦ። ማርቭል ኮሚክስ ደግሞ በ1967 የራሱን ካፒቴን ማርቭል አውጥቶ ስሙን በንግድ ምልክት ያዘው። ስለዚህ ዲሲ በ1972 ጀግናውን በፈቃድ ወስዶ በ1973 ሲያወጣው መጽሔቱን በስሙ መሰየም አልቻለም፤ «ሻዛም!» አለው። ጀግናው ራሱ ሻዛም ተብሎ የተጠራው በ2012 ነው። ስትወያዩ «የፎሴቱ»፣ «የማርቭሉ»፣ «የዲሲው» እያላችሁ ለዩ፤ ግማሹ ክርክር በዚያው ይቀራል።

ቅጂ ስለማግኘትና ስለመግዛት። ከ1964 በፊት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሥራ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ የቅጂ መብቱ ያልፋል፤ የታደሰው ለ95 ዓመት ይቆያል። ይህ በእያንዳንዱ እትም የሚታይ ስለሆነ አንዱ ነፃ ነው ብላችሁ ሁሉንም ነፃ አታድርጉ። በወረቀት ለሚፈልግ፣ ዲሲ ከ1992 ጀምሮ ያወጣቸው አራት የሻዛም አርካይቭስ ጥራዞች አሉ። ገጾችን ራሳችሁ የምትሰበስቡ ከሆነ ፋይሉን 1፣ 2፣ 3 ሳይሆን 001፣ 002፣ 003 እያላችሁ ሰይሙት። ያለበለዚያ አንዳንዱ ማንበቢያ ከገጽ 1 ቀጥሎ ገጽ 10ን ይከፍታል። ሲቢዜድ የሚባለው የኮሚክስ ማንበቢያ ፋይል ተራ ዚፕ ስለሆነ ማስተካከል ቀላል ነው።

የዊዝ ቁጥር 2ን «ኦሪጅናል» አለኝ የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ቀድማችሁ ማስመሪያ አውጡ። ዲሲ በ1974 ይህንን እትም ከነማስታወቂያው፣ ግን በትልቅ መጠን እንደገና አትሞታል። የውጭው ወፍራም ሽፋን ሲነሳ ውስጡ ያለው ሽፋን ቁርጥ ኦሪጅናሉን ይመስላል። ኦሪጅናሉ ቁመቱ 26 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የ1974ቱ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። የቀለም ነጥቦቹን በማጉያ መነጽር ማየት አይለየውም፤ ሁለቱም ነጥብ አላቸው። ፎቶ ብቻ ከሆነ የተላከላችሁ፣ መጽሔቱ አጠገብ ማስመሪያ ተደርጎ እንደገና ይነሳላችሁ።

እውነተኛ የ1940ዎቹ እትም እጃችሁ ከገባ ወረቀቱ እንደ ጋዜጣ ያለ፣ በውስጡ ባለው አሲድ ራሱን የሚበላ ነው። ከአሲድ ነፃ ካርቶን ከጀርባው፣ ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ የፖሊስተር ከረጢት ከላዩ፣ ከፀሐይ ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም። ተራ ላስቲክ አታልብሱት፣ በፕላስተርም አትጠግኑት፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሲሆን ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ሰብሳቢዎቹ ታሪክ ማንበብ ለምትፈልጉ፣ በ1973 የተጀመረውን የፎሴት ሰብሳቢዎች ጋዜጣ ፈልጉ። ቤክ ራሱ ለጥቂት ጊዜ አዘጋጅቶታል፤ ከ1999 ጀምሮ አልተር ኢጎ በተባለው መጽሔት ውስጥ እየገባ ይወጣል። ቤክ የዲሲውን «ሻዛም!» ከአሥር እትም በኋላ ለምን ጥሎ እንደሄደ፣ ሥዕል ምን ያህል ሊቀል እንደሚገባ የጻፋቸው ጽሑፎች ለሠዓሊዎች ብዙ ይሰጣሉ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ምዕራፍ 15 እና 16፣ ማለትም ቁጥር 36 እና 37 ናቸው። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ሁለት ሁለት ምዕራፍ እየጨመረ ይድረስብን እንጂ ምዕራፍ አይዝለል፤ ባይንደር አንድ ቦታ የጣለውን ዕቃ ከአምስት ምዕራፍ በኋላ መልሶ ያነሳዋል።