የጠፉ ነጥቦች የት ይሄዳሉ?

ግንቦት ሲገባ ቴሌግራሜ በቀይ የስህተት ጽሑፍ ይሞላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ የደረሰባቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የኮምፒውተራቸውን ገጽ በስልክ ፎቶ እያነሡ ይልኩልኛል። ፎቶው ዘመም ያለ ነው፤ መብራት አንጸባርቆበታል፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል አለበት። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ የሚታየው የመጨረሻው መስመር ነው። ነገሩ የተበላሸበት የመጀመሪያው መስመር ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

የማግዛቸው የጤና መረጃን ከካርታ ጋር የሚያያይዙትን ነው፤ የሕፃናት መቀንጨርን፣ የክትባት ሽፋንን፣ ወባን። አብዛኞቹ የሚሠሩት አር በተባለው ነጻ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው፤ የበሽታ ክምችት ያለበትን አካባቢ ለማግኘት ደግሞ ሳትስካን የተባለውን ይጨምራሉ። ስታቲስቲክሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። የሚያስቸግራቸው ግን ብዙውን ጊዜ ስታቲስቲክሱ አይደለም፤ ጂኦግራፊው ነው። ስለዚህ መልሴ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው፦ «ስህተቱን ለጊዜው ተወው። ነጥቦችህን፣ መረጃው የተሰበሰበባቸውን ቦታዎች ማለቴ ነው፣ የዓለም ካርታ ላይ አስቀምጠህ ላክልኝ።» የኢትዮጵያ ካርታ አይበቃም፤ የጠፋ ነጥብ ከኢትዮጵያ ካርታ ክፈፍ ውጭ ስለሚወድቅ ማንም አያየውም።

የእኛ ነጥቦች ሲጠፉ በብዛት የሚሰደዱት ወደ ሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ከጋና በስተ ደቡብ፣ ኬክሮስም ኬንትሮስም ዜሮ የሚሆኑበት ቦታ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጂፒኤስ ፋይል ውስጥ መገኛቸው ያልታወቀ የቆጠራ ቦታዎች ባዶ ሆነው አይቀመጡም፤ ዜሮ፣ ዜሮ ተብለው ይጻፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለተካሄደው የኢትዮጵያ ጥናት ናሙና የተመረጡት የቆጠራ ቦታዎች 645 ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ፋይሉ ላይ መገኛ የላቸውም። አንዲት ተማሪ «ኮምፒውተሬ አቅም አጣ፣ ሚሞሪ አልበቃኝም ይላል፤ ተጨማሪ ራም ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዋጋውን ሁሉ አጣርታለች። ያልተለካባቸውን አካባቢዎች ለመገመት በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት የተከፋፈለ መረብ እየሠራች ነበር፤ መረቡን የዘረጋችው ደግሞ ከራሷ ነጥቦች ዳርቻ ተነሥታ ነው። ኢትዮጵያ በኬንትሮስ ከ33 እስከ 48፣ በኬክሮስ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ውስጥ ትገባለች። አንድ ዜሮ፣ ዜሮ ሲጨመርበት መረቡ ከዜሮ እስከ 48፣ ከዜሮ እስከ 15 ይሆናል። ስፋቱ አራት እጥፍ አደገ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ካሜሩንና ናይጄሪያ አሉበት። ራም አልተገዛም።

ይህችኛዋ ዕድለኛ ናት፤ ኮምፒውተሯ ጮኸላት። ጠንካራ ኮምፒውተር ቢኖራት ኖሮ ስሌቱ ያልቅ ነበር። በአር ለዚህ ሥራ በስፋት የምንጠቀምበት ጂስታት የተባለው ፓኬጅ (በአር ላይ የሚጨመር መሣሪያ)፣ ርቀት ሲጨምር መመሳሰል እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ቫሪዮግራም ሲሠራ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ነጥቦቹን ሁሉ የሚያቅፈውን አራት ማዕዘን ሰያፍ ለሦስት ያካፍልና ውጤቱን በ15 የርቀት ክፍሎች ይመድባል። በትክክለኛዎቹ ነጥቦች አንዱ ክፍል 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አትላንቲክ ላይ የሰመጡት ሲጨመሩ ወደ 124 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ አዳማና ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በአንድ ቋት ይገባሉ፤ ቅርብ የሚባል ነገር ከነአካቴው ይጠፋል። ቀይ ጽሑፍ አይወጣም። የሚያምር ካርታ ይወጣል።

ሁለተኛው ቦታ ምዕራብ ኬንያ ነው፤ ከኪሱሙ ከተማ ብዙም ሳይርቅ። እንዴት እዚያ እንደሚደርሱ ማወቅ ያዝናናል። የተማሪው የወረዳ ካርታ በሜትር፣ ነጥቦቹ በዲግሪ ናቸው። ሁለቱን ለማገናኘት ሲሞክር ሶፍትዌሩ የመጋጠሚያ ሥርዓታቸው (ቦታ በቁጥር የሚገለጽበት መንገድ) አንድ አይደለም ብሎ ይቆማል። ኢንተርኔት ላይ ይፈልግና ሁለት ትእዛዞች ያገኛል። አንዱ በፋይሉ ላይ የሥርዓቱን ስም ብቻ ይለጥፋል፤ ሌላው ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ ይቀይራል። አጭሩን ይመርጣል። መቶ ብር ላይ «ዶላር» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ሶፍትዌሩ እንኳ «ስሙን መለወጥ ቁጥሩን አይለውጥም» ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ ማስጠንቀቂያ ግን ሥራ ስለማያስቆም ማን ያነበዋል? አሁን አዲስ አበባ ከመነሻው 38 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 9 ሜትር ወደ ሰሜን ትሆናለች። ካርታው የተሠራበት፣ ቦታን በሜትር የሚለካው የዩቲኤም ሥርዓት ቀጠና 37 መነሻ ደግሞ በምድር ወገብ ላይ፣ ከ39ኛው ኬንትሮስ 500 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ነው። በዲግሪ ሲሰላ 34.5 ገደማ። ከመተማ እስከ ሞያሌ፣ ከጋምቤላ እስከ ጅጅጋ ያለው ሕዝብ በሙሉ አንድ የኬንያ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ይሰበሰባል።

እግረ መንገዴን፦ የቆዩት 1 ለ50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም (የመጋጠሚያ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ) ነው። የአዲንዳንን ቁጥር እንደ ዘመኑ ጂፒኤስ ቁጥር ከወሰዳችሁት በዩቲኤም ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። ለዞን ደረጃ ጥናት ምንም አይደለም፤ የውኃ ጉድጓድ ለሚፈልግ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። የአዲስ አበባ ኬክሮስ 9፣ ኬንትሮሷ 38.7 ነው፤ ሁለቱን ስታገላብጡ ከሰርዴኒያ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ አለፍ ብላ ባሕር ውስጥ ትገባለች። ጥፋቱ የሚመጣው ሳትስካን መጀመሪያ ኬክሮስን፣ ቀጥሎ ኬንትሮስን ሲጠይቅ፣ የአር ፓኬጆች ደግሞ ተቃራኒውን ስለሚጠብቁ ነው። ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይገለበጣል። ሳትስካን አይቃወምም፤ 38.7 ምንም ነውር የሌለበት ኬክሮስ ነው። ክምችቱንም ያገኛል፣ የክቡን ራዲየስም ይነግራችኋል። ራዲየሱ ግን የውሸት ነው፤ በእኛ አካባቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አንድ ዲግሪ፣ በሰርዴኒያ ኬክሮስ በምሥራቅና ምዕራብ በኩል ሲለካ 86 ያህል ብቻ ነው።

ነጥቦቹ አገራቸው ከገቡ በኋላም ሶፍትዌሩ የሚቆምበት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ነው ከተማሪዎቼ ጋር የምከራከረው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ስህተቱን ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው መልስም ሁልጊዜ ያ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ግን ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄው ምን እንደነበር ሳታውቅ «አዎ» አትበል።

ኤስኤፍ የተባለውን የካርታ ፓኬጅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2021 ስሪት 1.0 ላይ ሲደርስ፣ በዲግሪ የተቀመጠን ካርታ እንደ ጠፍጣፋ ወረቀት ማየቱን ትቶ ምድርን ሉል አድርጎ ማስላት ጀመረ። በዚያው ጊዜ ብዙ የወረዳ ካርታዎች መሥራት አቆሙ፤ መልእክቱ «ይህኛው ጠርዝ ያንኛውን ጠርዝ ያቋርጣል» ይላል። እውነቱን ነው። ወንዝ ተከትሎ ወሰን የሣለ ሰው እጁ ተንቀጥቅጦ መስመሩ በራሱ ላይ ተጠምዝዟል፤ ካርታውን አጉልታችሁ ብታዩት የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያላት ትንሽ ቋጠሮ ታገኛላችሁ። ቋጠሮውን የሚፈታ የጥገና ትእዛዝ እዚያው ፓኬጅ ውስጥ አለ። ተማሪው ግን የሉሉን ስሌት የሚያጠፋውን ቁልፍ ይጫናል፤ ስህተቱም ይጠፋል። ቀጥሎ በጤና ጣቢያዎች ዙሪያ የ5 ኪሎ ሜትር ክብ ሊሠራ 5000 ብሎ ይጽፋል። ሉሉ ስለጠፋ 5000 ሜትር መሆኑ ቀርቷል፤ 5000 ዲግሪ ነው። ይህ እንኳ ግልጽ ስለሆነ ይያዛል። «5» ብሎ የጻፈው ነው የሚያሳዝነው፤ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል፤ ሽፋኑም መቶ በመቶ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የጎረቤቱ ነው። ዋልዶ ቶብለር የተባለው ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1970 ያስቀመጠው የዚህ ሙያ መሠረት፣ የተቀራረቡ ነገሮች ከተራራቁት ይልቅ ይዛመዳሉ የሚል ነው፤ እኛም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ሮጀር ቢቫንድ የጻፈው ኤስፒዴፕ የተባለው ፓኬጅ የወረዳዎቹን ወሰን አይቶ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይመዘግባል። አንድ ወረዳ ጎረቤት ካጣ ይቆምና «ጎረቤት የሌለው አለ» ይላል። ዝም የሚያሰኘው ቁልፍ ስሙ ዜሮ ፖሊሲ ነው። ደሴቶች ላሏቸው አገሮች ትክክለኛ ቁልፍ ነው፤ ደሴት በየብስ የሚዋሰነው የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በምንም የማይዋሰን ወረዳ ከየት መጣ? ወይ ካርታው ላይ በሁለት ወረዳዎች መካከል ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ አለች፤ ወይ ተማሪው መረጃ የሌላቸውን ወረዳዎች ሰርዞ ይህኛውን ብቻውን አስቀርቶታል። የመጀመሪያው በጥቂት ሜትር የተራራቁ ወሰኖችን እንደተነካኩ በመቁጠር ይፈታል። ሁለተኛው የጥናት ጥያቄ ነው፤ በቁልፍ አይፈታም። ቁልፉ ተጭኖ በጎረቤት አማካይ ላይ የተመሠረተ ሪግሬሽን ሲሠራ፣ የዚያ ወረዳ የጎረቤት ዋጋ ዜሮ ተብሎ ይገባል። በዙሪያው አንድም የቀነጨረ ሕፃን የለም ማለት ነው።

በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡ ነጥቦችም እንዲሁ ናቸው። የመገመቻው ስሌት ሁለት ነጥቦች በአንድ ስፍራ ሲሆኑ ማትሪክሱ (ስሌቱ የሚሠራበት የቁጥር ሠንጠረዥ) አይገለበጥም ብሎ ይቆማል። ምክሩ «ነጥቦቹን በዘፈቀደ ትንሽ አነቃንቃቸው» ነው። ለምን ተደራረቡ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አንዱን ተማሪ መረጃ ሰብሳቢዎቹን ደውሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት፤ ኔትወርክ የሚገኘው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር ስለሆነ፣ ቤት ለቤት በወረቀት የሞሉትን እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወደ ታብሌት ገልብጠውታል። ጂፒኤሱ የመዘገበው ዛፉን ነው። ዛፉን ብታነቃንቀው ቤት አይሆንም። ትንታኔው በቀበሌ ደረጃ ሆነ፤ ጥሩ ጽሑፍም ወጣው።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። ሼፕፋይል የተባለው የካርታ ፋይል ስሙ አንድ ቢሆንም ብዙ ፋይል ነው፤ በቴሌግራም አንዱን ብቻ ልካችሁ «አልከፍት አለ» አትበሉኝ፤ በዚፕ ጠቅልላችሁ ሙሉውን ላኩ። ከቀደሙ ተመራቂዎች የወረሳችሁት ኮድ አርጂዳል፣ አርጂኦስ ወይም ማፕቱልስ የሚባል ፓኬጅ ካለበት፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ጡረታ ወጥተዋል፤ እነሱን ለመጫን አትድከሙ። የወረዳ ስም በፊደላችን የምትጽፉ ከሆነ አር 4.2 ወይም ከዚያ በላይ ይኑራችሁ፤ ዊንዶውስ ላይ ከዚያ በፊት የነበሩት ፊደላችንን በቁጥር ኮድ ይተፉታል። የሼፕፋይል ዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «የወረዳ ስም» ብላችሁ የሰየማችሁት ዓምድ «የወረ» ሆኖ ይመለሳል። ሐዋሳና ሀዋሳ ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ናቸው፤ ሠንጠረዦችን የምታገናኙት በስም ሳይሆን በወረዳ መለያ ቁጥር ይሁን። የቀድሞው ደቡብ ክልል ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ተከፋፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ሆኗል፤ የ2016ቱን መረጃ በአዲሱ ካርታ ላይ በክልል ስም ካገናኛችሁ ባዶ ቦታ ታያላችሁ። ያ ባዶ ቦታ ስህተት አይደለም፤ ታሪክ ነው።

አንድ የቀረ አለ፤ ስለ እርሱ ቀይ ጽሑፍ የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የመላሾችን ምስጢር ለመጠበቅ ነጥቦቹን ሆን ብሎ ያዛውራቸዋል፤ የከተማውን እስከ 2፣ የገጠሩን እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሩ ደግሞ ከመቶ አንዱን እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ተማሪው ይመጣና ከመንደሩ እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ያለውን ርቀት «3,412 ሜትር» ብሎ ያመጣልኛል። አስተማሪውም ሦስት ሺህ አራት መቶውን ያምናል፤ ቁጥሩ ደርዝ አለው። እኔ «ይህን ዓምድ ሰርዘው» እላለሁ። ተማሪው ይቆጣል፤ የሳምንት ሥራው ነው። በምትኩ በገጠር ነጥብ ዙሪያ 5፣ በከተማው 2 ኪሎ ሜትር ክብ አድርጎ የዝናቡን፣ የከፍታውን፣ የመንገድ ጉዞ ጊዜውን አማካይ ይወስዳል። ርቀቱን የግድ ከፈለገው በሰፊ ምድቦች ይከፍለውና መዛወሩን በጥናቱ ውሱንነት ክፍል ውስጥ በግልጽ ይጽፋል። የዚህ ዓመቱ ተማሪ ጽፏል፤ ፈታኞቹም የጠየቁት ስለዚያች አንቀጽ ብቻ ነበር።