ውሻው ክፉ ነው፣ ግን

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ደሴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግቢው በጭስ ታፍኗል፣ ልጆቹ የታሰረውን ዶሮ ሲያባርሩ ነው ያመሹት። ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ታለቅሳለችም። እሷ በሽንኩርቱ ታሳብባለች። እኔ ግን የማሳብብበት የለኝም።

ጋሼ ዘንድሮ የለም። አጎቴን ነሐሴ ላይ እንደቀበርነው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ዝናብ ድንኳን ድረስ መጥታችሁ አጽናንታችሁኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድራችሁን ይክፈልልኝ። ሠልስቱ ሳያልቅ ሁለት ጆንያ ከሰል አምጥታችሁ ስማችሁን ሳትናገሩ የሄዳችሁት ልጆችም፣ አውቄያችኋለሁ።

ጋሼ ለገና ላሊበላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። አስፋልቱ ሲደርስ፣ መኪናው ሲበዛ ጥቂት ዓመት እሱም ተሳፍሮ ሞክሮታል። አልሆነለትም። «በረከቱ መናኸሪያ ይቀርብኛል» ብሎ ወደ በረባሶው ተመለሰ።

እኔን የወሰደኝ በ2015 ነው። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰው ትንሽ መተንፈስ የጀመረበት ገና። «እግሬ ሳይቆም ና ላሳይህ» አለኝ። ታኅሣሥ 20 ማለዳ ከደሴ ወጣን፤ እሱ፣ እኔና አንድ የሰፈራችን ዲያቆን። ኩታበር፣ በሽሎ፣ ደላንታ፣ ጅጣ፣ ዋድላ፣ ጋሸና፣ ላስታ። ስምንት ቀን።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ስምንቱንም ቀን የሄድኩት እግሬን እያየሁ ነው። አዲስ ስኒከር ገዝቼ ነበር፤ በወር ደመወዜ ሩብ። በሽሎ ቁልቁለቱ ላይ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፣ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ሽማግሌው ከጎማ በተሠራ ጫማ ከፊቴ ቱስ ቱስ ይላል። ከደሴ ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው በሽሎ ላይ ሸሚዙን ያወልቃል፣ ደላንታ ላይ መልሶ ጋቢውን ይፈልጋል። ወገል ጤና ላይ ልጆች ኦፓል እያሳዩ ከበቡን። ጋሼ አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፣ በጣም አደነቀው፣ መለሰላቸውና «ልጆቼ፣ ለዚህ ጉልበት ድንጋይ ይከብደዋል» አላቸው።

ጅጣ አፋፍ ላይ ቆመን ደግሞ በከዘራው ገደሉን አሳየኝ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚህ ሸለቆ መንገድ አስቆፍረው ነው። «እነሱ መድፍ ይዘው ወርደው ወጥተዋል፣ አንተ ሁለት ካኔተራ ይዘህ ታቃስታለህ» አለኝ። ዲያቆኑ ሳቀብኝ። (ቦርሳዬን ተሸክሞልኝ ስለነበር መብቱ ነው።)

ጅጣ ከመውረዳችን በፊት የመሸብን አንዲት እናት ቤት ነው። ጋሼ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዳ ነን» አለ። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል መጣ። ሴትዮዋ ሙስሊም ናቸው። ጋሼን በድምፁ ነው የለዩት። እኔ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ድስት ከመደርደሪያ አወረዱና አሳዩን። «ይኸ የናንተ ነው፤ ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም። ዘይቱም የኑግ ነው» አሉ። ለጾመኛ ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ድስት! በዓመት አንዴ ለሚያልፍ መንገደኛ! የሥጋው ነገር በጾም ስለማይነሣ ማዕዱ አንድ ሆነ፤ ሽሮውን ከልጆቻቸው ጋር በላን። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ «አብሽሩ፣ ነገ ዳገቱ ጠዋት ነው፣ ጥላ አለው» አሉን። ስንወጣ ደግሞ «ላሊበላ ስትደርሱ ለኔም ዱአ አድርጉልኝ» አሉ። ጋሼ «አሚን» አለ፣ እኔም አልኩ።

እናቴ፣ ይኸን የሚያነብልዎ ልጅ ካለ፣ ባለከዘራው ዘንድሮ አይመጣም። ድስቱን ግን እባክዎ አያንሡት።

ላሊበላ የደረስነው በ27 ማታ ነው። የከተማው ሴቶች ገንዳ ይዘው የመንገደኛ እግር ያጥባሉ። አንዲት እህት የኔን ጥፍር አይታ ከንፈሯን መጠጠች፣ የጋሼን የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ግን ጎንበስ ብላ ሳመችው። አፈርኩም፣ ቀናሁም። ከዚያ በ29 ጠዋት ቤተ ማርያም፣ ቤዛ ኩሉ፣ ከላይና ከታች። እሱን ለሰማ አልነግርም፣ ላልሰማም መንገር አልችልም።

ከዚያ ወዲህ «ያንን የእግር መንገድ እናንቃው» የምትሉ በዝታችኋል። ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዶቻችሁ ገና ከደሴ ሳትወጡ ካኔተራ አሳትማችኋል። ምልክት ይተከል፣ ካርታ ይሠራ፣ መግቢያው ላይ ይከፈል ትላላችሁ። ወገኖቼ፣ መንገዱ አልጠፋም። ገበያተኛው በየሳምንቱ ይረግጠዋል። የቀነሰው እንግዳው ነው። መኪናው ሲመጣ በር ላይ የሚጮኽ ጠፋ፣ በር ከፋቹም አረጀ። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የሚቆጠረው የቤቱ ብዛት ነው፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት። ከዚያም በላይ ደግሞ ሰው ያለ ፍርሃት ሲመሽበት የሚያድርበት ሰላም። የዘንድሮ ምኞቴ ይኸው ነው፤ ጠመንጃ ለያዘውም፣ ላልያዘውም።

ጋሼ ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ሲተኛ የልጄን ደብተር ይዤ «መንገዱን ንገረኝና ልጻፈው» አልኩት። ኪሎ ሜትር አያውቅም። በቤት ነው የሚቆጥረው። «ኩታበርን ስታልፍ ባሕር ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ባልየው ተኳርፎኛል፣ ሚስቱን ጥራት።» «ከበሽሎ ወዲያ አንጥረኛው፣ ውኃ ስጠኝ በለው፣ ጠላ ይሰጥሃል።» እንዲህ እንዲህ እያልን በሦስት ማታ አምስት ገጽ ሞላን። እግሩ አብጦ ነበር። አንድ ማታ ነርሷ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አመጣችልኝና (እህቴ፣ ያቺን ሌሊት አልረሳልሽም) ሳጥበው ዓይኑን ሳይገልጥ «ላሊበላ ደረስን እንዴ?» አለኝ። «ገና ነን ጋሼ፣ ጅጣ ላይ ነን» አልኩት። «እንግዲያው ጻፍ» አለኝ።

የዋድላ፣ የመቄት፣ የላስታ ሰዎች፣ ከዚህ በኋላ ያለው የናንተ ነው። እኔ እግሬን እያየሁ ስላለፍኩ አላስታውስም። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ በረባሶ ያደረገ፣ የወይራ ከዘራ የያዘ፣ ውኃ ጠይቆ ተረት የሚያወራ ሽማግሌ ቤታችሁ አድሮ ከሆነ ጻፉልኝ። ደብተሩ የቆመው እንዲህ ብሎ ነው፦

«ጅጣን ወጥተህ፣ በስተቀኝ፣ ቆርቆሮ ቤት። ውሻው ክፉ ነው፣ ግን»

እዚህ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።