ጓሳ የሚከፈትበት ቀን

ከደብረ ብርሃን በጧት ተነሥተን ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ገና አልገለጠም። አስፋልቱ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ የመንዝ መንገደኛ ግን ዋሻው አፍ ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ መዘዞን አልፎ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ወደ ሰሜን ነው። በቀኝ በኩል ምድሩ ድንገት ያልቅና ቆላው ከጉሙ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላል። በግራ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ የሚነዳ ልጅ። የመንዝ በግ ጠጉረ ብዙ የሆነበት ምክንያት የመኪናው መስኮት ሲከፈት ወዲያው ይገባል።

ማሳው ያለ ማስጠንቀቂያ ቆሞ ሣር ሲጀምር ጓሳ ተደርሷል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣሩ ነው።

የሄድነው ቦታውን ለማየት ብቻ አልነበረም። ጓሳን የሚጠብቀው ኮሚቴ ሽማግሌዎች ሣሩን እየዞሩ ሲያዩ አብረን ለመዞር ነው። ሥራቸው ከሩቅ ሲሰማ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ ይመስላል። ቦታው ላይ ግን አብዛኛው ጎንበስ ማለት ነው። አንዱ አዛውንት አንድ እግር ጓሳ አጠገብ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ከፈቱት። ውጪው አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ያለፉት ዓመታት ቅጠል ግራጫ ሆኖ የተከማቸበት፣ ደረቅና ሙቅ፣ ከሥሩ ደግሞ አይጥ የምትመላለስበት ጠባብ መንገድ አለ። አንዷን ዘንግ መዘዙና በጣታቸው ጠምዝዘው ሳቡት፤ ተበጠሰ። «እንዴት አዩት አባባ?» ብንል፣ «ገመድ አይወጣውም፤ ገና ነው» አሉ። ለገመድ ያልደረሰ ሣር ለክዳንም አይሆንም። ቀጭንና እንደ ሽቦ ጠንካራ ሆኖ ካልረዘመ ቤት ላይ ወጥቶ ክረምት አይችልም።

«ገና ነው» የምትለዋ ቃል የጓሳ አስተዳደር መሠረት ናት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ በሚነገረው ቄሮ በተባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተከታትሎ ይዘጋ ነበር። ሲዘጋ ግጦሽም፣ አጨዳም፣ እንጨት ለቀማም የለም። የመጠቀም መብት የነበራቸው ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ የሚወለዱ ሰዎች ሲሆኑ ቦታውም በሁለቱ ስም ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አባ ቄራ የሚባል አስተዳዳሪ ይመረጥለት ነበር። ሣሩ ደረሰ ወይም ድርቁ ጠና ብሎ የሚወስነው አባ ቄራው ነው። ቀኑ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚገኝባቸው ሦስት ቦታዎች እነዚህ ናቸውና ማንም አልሰማሁም ማለት አይችልም።

የሚከፈተው በበጋው ጫፍ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። ቅደም ተከተሉ የማይዛነፍበት ምክንያት አለው። መጀመሪያ አጨዳ፣ ቀጥሎ ከብት። ከብት ቀድሞ ከገባ የቆመውን ሣር ረግጦ ያጋድመዋል፤ የተጋደመ ሣር ደግሞ ማጭድ አይይዘውም፣ ቢያዝም ለክዳን ቀጥ ብሎ አይታሰርም። አጫጁም ከሥሩ አይነቅልም። ጓሳ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከታች ከቀረው ጉቶ ነው፤ የተነቀለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ዝናብም አፈሩ ይሄዳል። መዝጊያው ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሰሞን ነው። ያ ሰሞን ክረምቱ የሚገባበትም ነው። ምድሩ ረጥቦ ሳለ የሚመላለስ ሰኮና አፈሩን ስለሚያቦካው፣ ሣሩም የሚያድገው በዚያው ወራት ስለሆነ፣ ቀን ቆራጮቹ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መትተዋል። በዓሉን የማያውቅ መንዜ ስለሌለ ማስታወቂያም አያስፈልግ።

አጨዳው የሚያስገኘው ብዙ ነው፤ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ፣ ለእረኛው ደግሞ ገሳ። ገሳ በደንብ የተሠራ እንደሆነ ዝናቡ በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል። አሁን በየመንደሩ ቆርቆሮ ገብቷልና የክዳን ሣር ፍላጎት እንደ ድሮው አይደለም። ይህ ለጓሳ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ እኛ ግን ግማሹን ብቻ ጥሩ ነው እንላለን። ለክዳን የማይፈልገው ሰው ሣሩ እስኪረዝም የሚጠብቅበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ለግጦሽ ከሆነ አጭሩም ይበቃዋል።

ሥርዓቱን የሰበረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት ሲቀር በትውልድ ላይ የቆመው የአስቦና የጌራ መብት አብሮ ቀረ። ቀድሞ መብት ያልነበረው ሰው መብት አገኘ፤ ይህን ማንም ፍትሕ አይደለም አይልም። ነገር ግን አባ ቄራው ሥልጣኑን ሲያጣ «ገና ነው» የሚል ሰው ጠፋ። ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በእድር መልክ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ በተወከሉ ሰዎች ሊመልሰው ሞክሯል። እድር ለቀብር ጠንካራ ነው፤ ሰው የሚታዘዘውም በሐዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይቀር በመፍራት ነው። ሌሊት በሬ ያስገባን ሰው ግን ለመክሰስ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሚያውቁት ወረቀት ያስፈልጋል። እድሩ ሰው ነበረው፣ ወረቀት አልነበረውም።

ወረቀቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን በሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ ሲያውቀው ነው። አሁን ጓሳን ከሚያዋስኑት ቀበሌዎች የተመረጡ ሰዎች በኮሚቴ ይቀመጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ከማኅበረሰቡ የተቀጠሩ ጠባቂዎች በእግራቸው ይዞራሉ፤ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ባለሙያዎችም ይመክራሉ። ለጥበቃው የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ለዓመታት ድጋፍ ሰጥቷል።

እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው አስቸጋሪው ነገር ክፉ ዓመት ነው። ድርቅ ሲመጣ «ይከፈት» የሚለው ድምፅ ከየቀበሌው በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ የሚጠይቀውም ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የክርስትና ልጅ ነው። የተጠበቀው ሣር ደግሞ ለክፉ ቀን የተጠበቀ ስለሆነ ጥያቄው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ መክፈትና አለመክፈት ላይ አይቆምም፤ የትኛውን ክፍል፣ ለስንት ቀን፣ ለበሬና ለላም ብቻ ነው ወይስ ለበግም የሚለው ላይ ነው። በግ ሣሩን ከሥሩ አስጠግቶ ስለሚግጥ የበጎች ጉዳይ ሁልጊዜ የሚያከራክር ነው። ከቃለ ጉባኤው ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፎ የሚዘጋበት ሳይጻፍ ከቀረ ነገሩ ያኔ ተበላሸ። «እስኪበቃ» ተብሎ የተከፈተ ጓሳ አይዘጋም።

ሁለተኛው ሕመም ወሰን ነው። ማሳ ወደ ጓሳ የሚገባው በአንድ ዓመት ሄክታር እያለ አይደለም፤ በየክረምቱ በአንድ ትልም ነው። አንድ ትልም የሚያስጣላ ስለማይመስል ማንም አይናገርም። ካብ ወይም ትልቅ ድንጋይ በሌለበት ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ የቱ የማን እንደነበር አይታወቅም። አብረውን የዞሩት ሽማግሌ የወሰን ድንጋዮቹን በስም ያውቋቸዋል። በወረቀት ላይ ያለው ካርታ ግን ስሞቹን አያውቅም፤ ሁለቱን ማገናኘት ትንሽ ወጪ ያለው፣ እየተረሳ የሚሄድ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ማገዶ ነው። ጨረንፌና አስታ የሚባሉት የጓሳ ቁጥቋጦዎች በቀላሉ ይነዳሉ፤ ብርዱም አያስተኛም። ሴቶቹን በእገዳ መከልከል ብቻ የትም አያደርስም፤ በየጓሮው ባሕር ዛፍ ባለበት መንደር ግን ወደ ጓሳ የሚወጣው ሸክም ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላ ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ሲነቅሉ አገኘናቸው። በመሐላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ይራመድ ነበር፤ የጭላዳ ግልገሎችን እንኳ ቀና ብሎ አላየም፣ ጭላዳዎቹም አልሸሹትም። እዚሁ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። መንጋው አይጦቹን ያደናግርለታል ተብሎ ይገመታል። አይጥና ፍልፈል የሚራባው ደግሞ ያ ሽማግሌው የከፈቱት ዓይነት ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩ ካለቀ ቀበሮውም የለም። ቀበሮውን ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ መንጋ ቀበሮ በጥቂት ሳምንት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በመንደሩ ያለ ውሻ መከተቡን መከታተል የኮሚቴው ጉዳይ እንጂ የእንስሳት ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ከብቱን ተከትሎ ወደ ጓሳ የሚገባ ውሻም መመለስ አለበት።

ለሚሄድ ሰው፦ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ደብረ ብርሃን ላይ ጠይቁ። በጥበቃው ቢሮ ተመዝግባችሁ፣ ከጠባቂዎቹ አንዱን ይዛችሁ ግቡ። የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ፤ ምግባችሁን ግን ከደብረ ብርሃን ሸምታችሁ ሂዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ውኃ ያረጋል፣ ሁለት ብርድ ልብስም ላይበቃ ይችላል። መንገዱ አምባውን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ያልፋልና ሾፌሩ ፍጥነት ይቀንስ። በተለይ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ቀበሮው ከጭጋጉ ወጥቶ መንገዱን የሚሻገረው ያኔ ነው።