የጣርማ በር ቁልቁለትና የኮምፒዩተሩ ፍሬን

የምሠራው መቀመጫውን ደብረ ብርሃን ባደረገ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ሲሆን፣ ኃላፊነቴም አዲስ የሚቀጠሩ ሾፌሮች ባለተሳቢ መኪና ይዘው ለብቻቸው ከመውጣታቸው በፊት ማለማመድ ነው። ድርጅቱ መሪ፣ ሦስት ፔዳልና የማርሽ ዘንግ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ገዝቶ የመንዳት ጨዋታ ከጫነበት ወዲህ፣ ጨዋታው እውነተኛውን መንዳት እስከ ምን ድረስ መምሰል እንዳለበት ከኮምፒዩተር ባለሙያችን ጋር ስንከራከር ቆይተናል። እርሱ ሥዕሉ እንዲያምር፣ የዝናቡ ጠብታ በመስታወቱ ላይ ሲንሸራተት እንዲታይና ሞተሩ እንደ እውነተኛው እንዲያጓራ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ ቢቀርም ክብደትና ሙቀት በትክክል ቢሰሉ እመርጣለሁ። አቋሜን ያጠናከረልኝ ባለፈው ክረምት ያጋጠመን ነገር ነው።

በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ከሁሉም ልቆ የወጣ አንድ ወጣት ነበር። በግቢያችን ውስጥ ባለተሳቢውን ኋሊት እንዲያስገባ ባዘዝኩት ጊዜ፣ ተሳቢውን ወደ ቀኝ ለመላክ መሪውን በመጀመሪያ ወደ ግራ አዞረ፤ ተሳቢው መታጠፍ ሲጀምርም ሳይዘገይ መሪውን መልሶ ተከተለው። ብዙ ሰው ወራት የሚፈጅበትን ነገር እንዲህ በቀላሉ ሲሠራው ነባር ሾፌሮች ሳይቀሩ አደነቁት። ይህን ያስተማረው ጨዋታው መሆኑን ልክድ አልችልም። የተሳቢው ርዝመትና የመታጠፊያው ማዕዘን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሰሉት እንደ እውነቱ ስለሆነ፣ እጁ እዚያ የለመደው ነገር ግቢው ውስጥም ሠራለት።

ጥቂት ቆይቶ ስሚንቶ ጭነን ወደ ኮምቦልቻ ስንጓዝ መሪውን እርሱ ይዞ፣ እኔ አጠገቡ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር፣ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መታጠፊያ እንኳ ሸፍኖት ነበር። ልጁ መኪናውን ከፍ ባለ ማርሽ ለቆት፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። ማርሽ ቀንስ ስለው «እሺ ጋሼ፣ እየያዘልኝ ነው» አለኝ። ወዲያው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው፤ ፍሬኑን የሚያሠራውን የታመቀ አየር የሚያሳየው መለኪያ መርፌም ከቦታው ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር። «አሁኑኑ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ማርሽ ቀንስ፣ የሞተር ፍሬኑንም ክፈት» አልኩት፤ የሞተር ፍሬን በጎማው ፍሬን ሳይሆን በራሱ በሞተሩ መኪናውን የሚያዘገይ ነው። ትእዛዜን በመፈጸሙና ፍሬኑም ጨርሶ ያልከዳን በመሆኑ፣ ጠርዙ ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ ቆምን።

ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገባ። ከተሳቢው የኋላ ጎማዎች ጭስ ይወጣ ነበር። ጀሪካን አንሥቶ ውኃ ሊደፋበት ሲል አስቆምኩት፤ የጋለ ታምቡር፣ ማለትም ሸራው የሚጫነው ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። መንገደኞች በቅንነት ውኃ እናምጣላችሁ ማለታቸው በዚያ መንገድ ላይ የተለመደ ስለሆነ ይህን መናገሬ አስፈላጊ ነው። ቁጭ ብለን እስኪበርድ ስንጠብቅ ልጁ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ እኮ ሁልጊዜ ይይዛል» አለኝ፤ እውነቱንም ነበር። ስንመለስ ባየነው ጊዜ የፍሬኑ ኃይል በጨዋታው ማስተካከያ ላይ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ ጭነቱ ደግሞ ከቀላሎቹ ተመርጦ ነበር።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ ወደ 390 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት መሄጃ ይፈልጋል፤ ይህ ከ1,000 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ሊያፈላ የሚችል ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ቀሪ ሞተሩ ይሸከመዋል፤ ካልሆነ ግን ሁሉም ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል።

የኮምፒዩተር ባለሙያው የሰጠው መልስ ክብደት አለው። ሰው ለመዝናናት የተቀመጠበትን ጨዋታ ሰዓታት በሚፈጅ ቁልቁለት ቢያስቸግሩት ትቶት ይነሣል፤ ለዚህም ነው እንደ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ባሉ ጨዋታዎች የመንገዱ ርዝመት ወደ አንድ አሥራ ዘጠነኛ ገደማ የሚታጠፈው። ለመዝናኛ ይህን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ረጅሙ ቁልቁለት በደቂቃዎች ካለቀ ፍሬኑ የሚግልበት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ መንገዱን ያሳጠረ ሰው ሙቀቱን በዚያው ልክ ማፍጠን አለበት ብዬ አምናለሁ። ለሥልጠና ከሆነ ግን መንገዱም ማጠር የለበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በሲሙሌተር የሚያሠለጥነው አየር ላይ ሊሞከር የማይገባውን የሞተር መጥፋት ጭምር ያለ አደጋ እንዲለማመዱት ነው፤ የእኛም መለማመጃ ሊሰጠን የሚገባው በቁልቁለት ላይ የሚከዳን ፍሬን ነው። የወንበር ቀበቶን በመዳፊት ጠቅ አድርጎ ማሠርን የመሰለው «እውነተኝነት» ግን ጣትን ከማድከም በቀር ለሾፌር አንዳች አይጨምርለትም።

በመጨረሻ ተስማምተን የፍሬኑ ኃይል ዝቅ እንዲል፣ ጭነቱ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆንና ቁልቁለት ላይ በከፍተኛ ማርሽ የወረደ ተለማማጅ ባይጋጭም እንደወደቀ እንዲቆጠር አደረግን። የሸራውን ሽታ ግን ማያ ገጹ ሊሰጠን ስለማይችል፣ ማንኛውም አዲስ ሾፌር ጣርማ በርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርደው በግማሽ ጭነት፣ ነባር ሾፌር አጠገቡ ተቀምጦ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቄ ድርጅቱ ፈቅዷል።