ከዊልቸሩ እስከ መቀመጫው

ዊልቸር መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ የመዝናኛ ፓርክን በመግቢያ በሩ መመዘን ትቻለሁ። ደረጃው በተዳፋት መወጣጫ ተተክቶ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሰፍቶ፣ መንገዱም ለጎማ ተስማምቶ ላገኘው እችላለሁ፤ ይህ ሁሉ ግን የሚያደርሰኝ መጫወቻው ሥር ድረስ ብቻ ነው። ፈተናው ከዚያ በኋላ ያለችው የአንድ ክንድ ርቀት ናት፤ ከወንበሬ ተነስቼ መጫወቻው መቀመጫ ላይ እስካርፍ ድረስ ያለችው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ላይ ተመሥርቶ በ2010 የተሻሻለው የግንባታ መስፈርት ይህችን ርቀት በቁጥር ለማጥበብ ሞክሯል። አዲስ የሚሠራ መጫወቻ ዊልቸሩ ራሱ የሚቆምበት ቦታ፣ ለመዛወር የተዘጋጀ መቀመጫ ወይም ተሳፋሪውን የሚያዛውር መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል፤ ከሦስቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። ለመዛወር የተዘጋጀው መቀመጫ ከመሳፈሪያው ወለል ከ35.5 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይችላል። የብዙ ዊልቸሮች መቀመጫ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፣ ዝቅተኛው ልክ ላይ ወደተሠራ መቀመጫ መውረድ አያስቸግርም፤ ጨዋታው ሲያበቃ ግን የገዛ ሰውነትን በሁለት ክንድ ሽቅብ መሳብ ይመጣል። በብዙ ትላልቅ ፓርኮች ደግሞ ሠራተኞች ጎብኚን አንስተው እንዲያስቀምጡ አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ጠንካራ ዘመድ ይዞ ያልመጣ ሰው በመስፈርቱ የተሠራውን መቀመጫ እያየ ይመለሳል።

አዋቂ ደግፎ የሚያሳፍርባቸው የሕፃናት መጫወቻዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ሕፃን ይታቀፋል የሚለው ግምት ይገባኛል፤ ሆኖም ሦስት ዓመቱ ላይ በአንድ እጅ ይነሳ የነበረው ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላው የአባቱ ወገብ ምን እንደሚል ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡበት አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛችን «ማሳፈር» ሰውን መጫንም ነው፣ ማሸማቀቅም ነው። መቶ ሰው ከኋላ ተሰልፎ እያየ ወንድሜ ከብብቴ ሥር ይዞ ሲያነሳኝ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ።

ሁሉም ክልከላ ጭፍን ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሮለር ኮስተር፣ ያ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚፈተለከው መጫወቻ፣ ሽቅብ እየወጣ ሳለ ቢቆም ተሳፋሪው በጠባብ ደረጃ በእግሩ መውረድ ሊኖርበት ይችላል፤ የጭን መቆለፊያውም አካልን አጥብቆ የሚይዘው ጭኑና መቀመጫው ተገጣጥመው ሲገኙ ነው፤ አንገቱንና ወገቡን መቆጣጠር የማይችል ሰው ድንገተኛው ፍጥነት በእርግጥ ሊጎዳው ይችላል። የምቃወመው «ለደኅንነትዎ ነው» ተብሎ ምክንያቱ ሲታለፍ ነው። ክንድ ይጠይቃል ወይስ እግር? ቢቆም ማን፣ በምን ያወርደኛል? ይህ አስቀድሞ በግልጽ ከተጻፈልኝ ውሳኔውን እኔው እወስናለሁ፤ ብዙ ጊዜም «ይቅርብኝ» ብዬ ራሴ እተወዋለሁ።

ከወንበሬ ሳልነሳ የምሳፈርበት መጫወቻ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የለንደኑ ግዙፍ መንኮራኩር፣ ለንደን አይ፣ 32 ክፍሎቹን ይዞ በጣም በዝግታ ስለሚዞር ሌላው ተሳፋሪ ሳይቆም ይገባበታል፤ ዊልቸር ሲመጣ ደግሞ ይቆማል። ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ሞርጋንስ ወንደርላንድ ከዚህም አልፏል። ጎርደን ሃርትማን ይህን ፓርክ ያሠራው አካል ጉዳተኛ የሆነች ልጁን አስቦ ሲሆን፣ ሰው የፈረስ ቅርጾች ላይ ተቀምጦ በሚዞርበት መሽከርከሪያ ላይ ዊልቸር የሚገባበት ሠረገላ ከፈረሶቹ እኩል ከፍና ዝቅ ይላል። በ2017 የውሃ መጫወቻ ሲጨመርበት በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር ውሃ ስለማይስማማው፣ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በታመቀ አየር የሚንቀሳቀስ ዊልቸር ተሠራለት። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሠረገላው ነው። በሌሎች ቦታዎች ዊልቸር የሚቆምበት ሥፍራ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ የሚዞር ነው፤ ሌላው ሰው እየተነሳ እየወረደ እኔ ዝም ብዬ እዞራለሁ።

ስለ ወረፋ ብዙ አልልም። ዊልቸር ወረፋ ያስዘልላል የሚሉ ሰዎች፣ ዊልቸር የሚያስገባው ጀልባ አንድ ወይም ሁለት ብቻ በሆነበት መጫወቻ ያንን ጀልባ ጠብቀው አያውቁም።

አሁን ወደ አዲስ ፓርክ ከመሄዴ በፊት ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መሳፈሪያው አይደለም። አንድ ጊዜ መሳፈሪያውና መውረጃው የተለያየ ቦታ በሆነበት መጫወቻ ላይ፣ ዞሬ ስመጣ ወንበሬ ከሕንፃው በወዲያኛው ወገን ቀርቶ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ እየሮጠ ሄዶ እስኪያመጣልኝ ድረስ መጫወቻው ቆሞ፣ ሰልፉ ቆሞ፣ እኔም የተከፈተውን መቆለፊያ እንደ ያዝኩ ቆየሁ። ስለዚህ ስልኩ እንደ ተነሳ ከሰላምታ ቀጥዬ «ስወርድ ወንበሬ የት ይጠብቀኛል?» እላለሁ።