ለቅሶ የተከለከለው ነቢይ

ከፒያሳ ወደ 4 ኪሎ በሚመላለሱ ታክሲዎች መስታወት ላይ ኤርምያስ 29፥11 አይጠፋም፤ ለእናንተ የማስበው የሰላም አሳብ ነው የሚለው። የለጠፈው ሰው አይወቀስም፣ ቃሉ ያጽናናል። ስቲከሩ ላይ ያልገባው ግን ቁጥር 10 ነው፤ ሰባ ዓመት ይላል። ምዕራፉ ነቢዩ ኤርምያስ የላከው ደብዳቤ ነው፤ የተላከውም በ597 ቅ.ል.ክ. ከንጉሥ ዮአኪን ጋር ተማርከው ባቢሎን ለወረዱት ነው። ሰባ ዓመት ከተባለ፣ ያን ደብዳቤ በእጁ የተቀበለ ጎልማሳ አገሩን ዳግም አያያትም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ የሚላቸውም ለዚህ ነው። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ያለው ሐናንያ ነበር፤ ሐሰተኛ ነቢይ የተባለውም እሱ ነው።

ነቢያትን ከጋራ ቁስል (ባለሙያዎቹ ትራውማ ከሚሉት) አንጻር ማንበብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ይህ ትንቢት በማን ላይ ይፈጸማል?» የሚለውን ትቶ «ይህን ይሰሙ የነበሩት ሰዎች ምን ደርሶባቸው ነበር?» ብሎ መጠየቅ። ኤርምያስ 31፥15 ላይ ራሔል በራማ ስለ ልጆችዋ ታለቅሳለች። ለምን በራማ? 40፥1ን ገልጦ ማየት ነው፤ ምርኮኞቹ በሰንሰለት ታስረው የተሰበሰቡባት ከተማ ራማ ናት።

የኤርምያስ ቅደም ተከተል ግራ የሚያጋባው ብዙ ነው። የኢየሩሳሌም መውደቅ በምዕራፍ 39 ተነግሮ በ52 እንደገና ይነገራል፤ በንጉሥ ሴዴቅያስ ዘመን ያለው ምዕራፍ 34 አልፎ 35 እና 36 ወደ ኋላ፣ ወደ ንጉሥ ኢዮአቄም ዘመን ይመልሱናል። የተጎዳ ሰው ነገሩን እንደዚሁ እየቆራረጠ፣ እየደጋገመ ነው የሚያወራው። ዝብርቁን ሁሉ ለቁስል መስጠት ግን ማጋነን ነው። መጽሐፉ በብዙ እጅ አልፏል፤ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ቅጂ ከዕብራይስጡ በስምንተኛ እጅ ያህል ያጥራል፣ የምዕራፎቹም አቀማመጥ ይለያል። በዕብራይስጡ 29 የሆነው በግሪኩ 36 ነው። እትማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲያነቡ መጀመሪያ ቁጥራቸውን ያስተያዩ፤ አለዚያ ግማሽ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል።

ከምርኮኞቹ ጋር ባቢሎን የነበረው ነቢይ ሕዝቅኤል ነው፤ ሕዝቅኤል 24 ላይ ግን ቀስ ማለት ይሻላል። ምዕራፉ በቀን ይከፈታል፤ በ9ኛው ዓመት፣ በ10ኛው ወር፣ ከወሩም በ10ኛው ቀን፣ የዚህን ቀን ስም ጻፍ ይባላል። ኢየሩሳሌም የተከበበችበት ዕለት ነው። ቀንን እንዲህ መያዝ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም፤ 6 ኪሎ ላይ አደባባዩንም ሆስፒታሉንም የምንጠራው በቀን ነው፣ የካቲት 12 እያልን፣ በ1929 ዓ.ም. ሕዝቡ በተጨፈጨፈበት ዕለት።

ቁጥር 18 ላይ የነቢዩ ሚስት ትሞታለች። ጠዋት ለሕዝቡ ተናገረ፣ ማታ ሞተች። ቀደም ብሎ የተከለከለው ዝርዝር በችኮላ ይታለፋል፤ ለቅሶ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ግን አንድ በአንድ ያየዋል። መጠምጠሚያህን አታውልቅ። ጫማህን አድርግ። አፍህን አትሸፍን። የሰዎችን እንጀራ አትብላ። ይህ የመጨረሻው ጎረቤት ሸፈን አድርጎ ይዞት የሚመጣው ምግብ ነው። በእኛ አማርኛ ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይመጣም፣ የሚያስተዛዝንም አይቀመጥ ማለት ነው።

ሰዎቹ ምን ማለትህ ነው ብለው ሲጠይቁት የመለሰው ከባድ ነው፤ መቅደሱ ይረክሳል፣ ትታችኋቸው የመጣችሁት ልጆች በሰይፍ ይወድቃሉ፣ እናንተም እንደ እኔ ትሆናላችሁ፤ አታለቅሱም፣ እርስ በርሳችሁ ታቃስታላችሁ እንጂ። አስከሬኑ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ምን ዓይነት ቀብር አለ? ስለዚህ ቃሉ ከትእዛዝነቱ ይልቅ ሊደርስባቸው ያለውን አስቀድሞ በሰውነቱ ማሳየት ነው ብለን እናነበዋለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈሉ፣ ለቅሶ እንዳይቀመጡ የተከለከሉ ቤተሰቦች ባሉባት ከተማ ይህን ምዕራፍ ማብራራት ብዙም አያደክም።

ከዚህ በኋላ 33፥21-22ን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያመለጠ ሰው መጥቶ «ከተማይቱ ተመታች» ይላል፣ ተዘግቶ የነበረው የነቢዩ አፍም ይከፈታል። የደረቁ አጥንቶች የሚነሡበት ምዕራፍ 37 የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙ ሰው 37ን ብቻውን ነጥሎ ይሰብካል፤ ያኔ አጥንቶቹ ሳይለቀስላቸው ይነሣሉ። 37፥11 ደግሞ ልብ ይባል፤ «አጥንቶቻችን ደረቁ» የሚሉት በሕይወት ያሉት ሰዎች ናቸው። በመስቀል አደባባይ ጥግ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ በመስታወት ውስጥ ያለውን አጥንት የሚያየውን ሰው ይህ ቁጥር አጠገቡ የቆሙትንም እንዲያስብ ያደርገዋል።

በቡድን ሲነበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፣ ጊዜውም አንድ ሰዓት ተኩል። ክፍሉ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በሁለት ድምፅ፣ በመሀል ማብራሪያ ሳይገባ። ከዚያ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ብሏል፣ ድምፁ የት ላይ ይሰበራል ብሎ መጠየቅ ነው። የራስህን ተናገር ተብሎ ማንም አይገደድ። ሕዝቅኤል 16 እና 23 በሴት አካል ላይ የሚፈጸም ግፍ ስላለባቸው አስቀድሞ ሳይነገር በጉባኤ አይነበቡም። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ካለ ንባቡ ይቁም፣ በሩ ይከፈት፣ ውሃ ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ ያለው የሐኪም ሥራ ነው።

በጣም የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «ባቢሎን እነ እገሌ ናቸው» የሚል ሰው ሲነሣ ነው። ለዚህ ክርክር አይበጅም፤ የባቢሎኑን ንጉሥ ናቡከደነፆርን «ባሪያዬ» የሚለውን ኤርምያስ 25፥9ን፣ ለባቢሎን ሰላም ጸልዩ የሚለውን ኤርምያስ 29፥7ን አንብቡለት፣ ንጽጽሩ ራሱ ይፈርሳል። ሁለተኛው «በኃጢአታችን ነው» የሚለው ነው፤ ይህ ጽሑፉ ውስጥ በእርግጥ አለ። ያኔ አምላካቸው በባቢሎን አማልክት ተሸነፈ ሲባል፣ አልተሸነፈም፣ ተቆጥቶ ነው እንጂ ማለት ዓለሙ ትርጉም አልባ እንዳይሆን መታገል ነበር። ነገር ግን የሚባለው «እኛ» ተብሎ ነው። ልጇን ለቀበረች እናት «እናንተ» ተብሎ ሲነገር የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ይሆናል።

ለመጨረሻው የንባብ ቀን ሰቆቃወ ኤርምያስን እንተወዋለን። ምዕራፎቹ 22፣ 22፣ 66፣ 22 እና 22 ቁጥር አላቸው፤ አራቱ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰደሩ ናቸው፣ አምስተኛው 22 ቁጥር ይዞ የፊደሉን ተራ ይለቃል። በመጽሐፉ ሁሉ እግዚአብሔር ተናገረ ተብሎ የተጠቀሰው ቃል አንድ ነው፣ 3፥57 ላይ ያለው «አትፍራ»። መጽሐፉ የሚዘጋው ፈጽመህ ጣልኸን፣ እጅግ ተቆጣኸን በሚል ነው። አይሁድ በምኵራብ ሲያነቡ በዚያ ላለመጨረስ «ወደ አንተ መልሰን» የሚለውን ቁጥር 21ን ይደግሙታል። እኛም እንደግመዋለን፤ ግን ቁጥር 22 ተነቦ ቡድኑ ጥቂት ደቂቃ ዝም ካለ በኋላ።