ሆም ፕሌቱ ጋ ነው የጠበቅኩት

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ኤልፒኤን፣ ማለትም ፈቃድ ያላት ረዳት ነርስ ሆኜ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። ያን ቀን ሰው ቀርቶብን ሃያ ስምንት አዛውንት ለእኔ ብቻ ደረሱኝ። ከነሱ አንዱ ከሰማንያ ያለፉ፣ ዋሺንግተን ዲሲ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ራሳቸው ይለብሳሉ፣ ጋዜጣቸውን ያነባሉ፣ ማንንም አያስቸግሩም። ቀን ላይ ለዓይናቸው ሆስፒታል ደርሰው መጥተዋል። መድኃኒታቸውን ይዤ ገባሁ።

«ዛሬ የት ዋሉ?»

«ግሪፊዝ ስታዲየም።»

«ቀጠሮዎ ሐኪም ጋ አልነበረም እንዴ?»

«እሱማ ነው። ዓይኔን አዩልኝ። ሆም ፕሌቱ ጋ ነው የጠበቅኩት። ጆሽ የሚመታበት ጋ።»

ጆሽ ማነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አእምሯቸውን ለማየት የምንጠይቀው ስም፣ ቦታ፣ ቀን ነው። ቦታው ከጠፋ ጠፋ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ኮንፊውዝድ»፣ ግራ ተጋብተዋል ብዬ ጻፍኩ። ሆስፒታሉን ስታዲየም ነው ይላሉ፣ የሌለ ሰው ስም ይጠራሉ ብዬም ጨመርኩበት። ለሺፍቱ ኃላፊ፣ ለቻርጅ ነርሷ ሪፖርት ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለት ቀን ኦፍ ነበርኩ። በዚያ መሀል ሽንታቸው ተመረመረ፣ ደማቸው ተቀዳ፣ ብቻቸውን ግቢ መውጣታቸው ቀረ፣ በር ሲጠጉ የሚጮኸው አምባርም እግራቸው ላይ ታሰረ። ስመለስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የግራ እግራቸውን ካልሲ ሊያወጡት እየታገሉ ነው። ካልሲው ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ይያዛል። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ያሳልፉታል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በይ ቁጭ በይ።»

ስንት ሰው መድኃኒት ይጠብቀኛል። ቢሆንም ቁጭ አልኩ።

የሄዱበት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ግሪፊዝ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም የነበረው እዚያው መሬት ላይ ነው። በ1965 ፈረሰ፣ በ1975 ሆስፒታሉ ተከፈተ፤ ሆም ፕሌቱ፣ መቺው የሚቆምበት ማለት ነው፣ የነበረበት ቦታም ሕንፃው ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። እኔ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ እንጀራ የምንበላበት ዩ ስትሪትም ጥቂት ብሎክ ነው የሚርቀው። አላውቅም ነበር።

እሳቸው በ1943 የአሥር ዓመት ልጅ ናቸው። ስታዲየሙ የዋሺንግተን ሴናተርስ ነው፣ የነጮች ቡድን። በሴናተርስ ጨዋታ ጥቁር ተመልካች የሚቀመጠው በቀኝ በኩል፣ ራቅ ብሎ ነበር። ሴናተርስ ውጭ ሊጫወቱ ሲሄዱ ግን ሆምስቴድ ግሬይስ ሜዳውን ይከራዩታል። ከፒትስበርግ አጠገብ የመጡ፣ ትልቁ ሊግ በቀለማቸው የከለከላቸው ተጫዋቾች ናቸው።

«ያን ጊዜ ከአባቴ ጋር የፈለግንበት እንቀመጥ ነበር» አሉኝ። ቀና ብለው አዩኝና ደገሙት። «የፈለግንበት።»

ጆሽ ጊብሰን ካቸር ነበር፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው። በጥር ወር ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ዕጢ አለ ተብሎ፣ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብሎ የወጣ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በግራ በኩል 400 ጫማ ገደማ የሚርቀውን አጥር ያሻግር ነበር። እኛ 120 ሜትር የምንለው ነው። መሀል ላይ ያለው አጥር ደግሞ ይታጠፋል፤ ባለቤቶቹ አንሸጥም ያሏቸው አምስት ቤቶች ስለነበሩ፣ እነሱንና አንድ ትልቅ ዛፍ ዞሮ ነው የተሠራው። ይህን ሁሉ በጣታቸው አንሶላው ላይ እየሣሉ ነው የነገሩኝ። የጆሽ ዱላ ኳሱን ሲያገኘው ምን እንደሚመስል ሊያሳዩኝ የራስጌውን ጠረጴዛ በጉልበት መቱት። የመድኃኒቱ ኩባያ ዘለለ።

በመከር ግሬይስ በርሚንግሃም ብላክ ባሮንስን አራት ጨዋታ ለሦስት አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ጊብሰን በጥር 1947፣ ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። የቀለም ክልከላውን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ትልቁ ሊግ የገባው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው።

«ሦስት ወር» አሉኝ።

ቁጥር አልጠሩልኝም። ቁጥሩን ያወቅኩት በ2024 ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ የጥቁሮቹን ሊግ ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲቀላቅል ነው። ጊብሰን በ1943 0.466 መትቷል፤ ከመቶ ሙከራው ወደ 47 ያህሉ ተሳክቶለታል ማለት ነው። 0.300 የደረሰ መቺ ጎበዝ በሚባልበት ጨዋታ፣ በአንድ ዓመት ከዚህ በላይ የተመዘገበ የለም። ያን ዜና ሳነብ እሳቸው አርፈው ነበር። ብነግራቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

የገዛ አባቴ እስከ ዛሬ ስድስት ኪሎን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚለው። ኮንፊውዝድ ነህ ብዬው አላውቅም።

ለቻርጅ ነርሷ ስነግራት «መጻፍሽ ልክ ነው፣ የሚያስጠይቅሽ አለመጻፍ ነው» አለችኝ። እንደ ደንቡ እውነቷን ነው። እዚያ ፎቅ ላይ ዓመታት ሠርታለች፤ እዚያ ክፍል ቁጭ ስትል ግን አንድም ቀን አላየኋትም።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። ሁልጊዜ ግን አልጠቀመኝም። አንዲት እናት ባቡር ልሳፈር ነው ሲሉኝ የትኛው ባቡር፣ ወዴት እያልኩ ታሪክ ስጠብቅ አመሸሁ። ታሪክ አልነበረም፣ ኢንፌክሽን ነበር። ትኩሳታቸው የወጣው ሌሊት ነው። ሪፖርቱን ሳልዘገይ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ቀደም ብለው ይጀምሩ ነበር።

የሽማግሌው አምባር እንዲወልቅ ትእዛዙ እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀ። በመቀስ የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ቁርጭምጭሚታቸውን አሻሹና ካልሲያቸውን እስከ ላይ ሳቡት።

ቻርት ላይ የተጻፈ አይጠፋም። ከሥር «ሌት ኢንትሪ» ተብሎ ይጨመራል እንጂ የመጀመሪያው ቃል እንዳለ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩን እየገፋሁ ወደ ክፍላቸው ገባሁና ሦስቱን ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቅኳቸው። ስማቸውን፣ የቤቱን ስም ከነክፍል ቁጥራቸው፣ ቀኑን ከነዓመቱ ነገሩኝ። ሆስፒታሉ በድሮው ስታዲየም ቦታ ላይ መሠራቱን፣ እሳቸውም በትክክል መናገራቸውን ጻፍኩ።

«ጆሽ ጊብሰን ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «የሌለ ሰው ብለሽ ነበር።»

ፊደሉን አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ ጻፍኩት።